የጋሽ ዳምጤ ሁለተኛ ዓይን

ለውድ ወንድሜ ለሀብተጊዮርጊስ፤

የድሬዳዋ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? ያ የሚያስቸግርህ ወገብህስ? ተናኘወርቅና ልጆቹስ ሰላም ናቸው? እኔ ከናፍቆትህ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ጎረቤታችን ጋሽ ዳምጤ ግን ታመው ሰነበቱ። እህል እምቢ ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኙ። ሚስታቸው እትዬ መሰለች ለጠያቂው ሁሉ "ቁርጠት ነው" ይላሉ፤ ነገሩ ግን ሥዕል ነው።

እንጨት ሲፈልጡ ፍንጣሪ ግራ ዓይናቸውን ካጠፋው ወዲህ ስለት እንደነበረባቸው ታውቃለህ። ዘንድሮ ለቤተ ክርስቲያናችን እመቤታችንን አሣሉ። ሠዓሊው ገሠሠ የሚባል አዲስ አበባ የተማረ ሰው ነው። ወንድሜ፣ ምን ብዬ ልንገርህ፣ ሰማያዊው ልብሷ ማለዳ ዘቢዳር ተራራ ላይ የሚተኛውን ጉም ይመስላል። ቆሜ ሳየው እግሬ መሬት የለቀቀ መሰለኝ፤ ቅዳሴው ማለቁንም የነገሩኝ ሰዎች ናቸው። እስካሁንም ዓይኔን ስጨፍን ያ ጉም ይመጣብኛል።

እንደ ደንቡ ስለት ያገባው ሰው ከእግሯ ሥር ተደፍቶ ይሣላል። ገሠሠ ታዲያ የጠፋው ዓይን እንዳይታይ ብሎ ጋሽ ዳምጤን እንደ ፎቶ አንሺ በጎን ሣላቸው። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል በጎን ዞሮ አንድ ዓይን ብቻ የሚታየው ሰይጣንና ይሁዳ መሆናቸውን ማን ይንገረው? የልደታ ዕለት ሰው ሁሉ አይቶ በዓይን ተጠቃቀሰ። ባለሥጋ ቤቱ ባልቻ ግን መች ያስችለዋል፣ "ዳምጤ፣ ስለቱን ለማን ነው ያገባኸው?" አላቸው። በዚያው ተኙ።

ቢቸግረኝ ለገሠሠ ሄጄ ነገርኩት። "እትዬ ዓለምዘውድ፣ እኔ እኮ ላሳምራቸው ብዬ ነው" አለኝ። "ስታሳምር ኮነንካቸው" አልኩት። ሦስት ቀን ተንበርክኮ ፊታቸውን ወደ እኛ መለሰው፣ ሁለቱንም ዓይን አብርቶ። እትዬ መሰለች ሲያዩት "ይኼን ሰውዬ የዳሩኝ ዕለት ነው ያየሁት" ብለው አለቀሱ።

ለተናኘወርቅ፣ ለትልቁ ልጅህ ለባዩ፣ ለትንሿ አበባ በየስማቸው ሰላምታዬን አድርስልኝ። ይህን ስጽፍ ጋሽ ዳምጤ ራሳቸው በከዘራቸው መጡ፤ እሳቸውም ሰላም ብለውሃል። ሥዕሉን አዩት ወይ አልኳቸው። "አየሁት። ሰውዬው እኔን አይመስልም፤ እንግዲህ እኔ እሱን ለመምሰል ልሞክር እንጂ" አሉና እህል እንዳቀርብላቸው ጠየቁኝ።

እህትህ ዓለምዘውድ
ቡታጅራ፣ ግንቦት ፲፬ ቀን ፲፱፻፷፩ ዓ.ም.