የሱሬሽ ጉርሻ

ማኑሄ ወንድሜ፣

ዛሬ ጠዋት የቤቴል ስም ወጣ! የህንድ መንግሥት በዚያ ትልቅ የኢንጂነሪንግ ኮሌጅ ለውጭ አገር ልጆች ከያዘው ወንበር አንዱ ለልጄ ደረሳት። ፎርሙን የሞላልን እዚህ ሌክ ሃይላንድስ በሚባለው ሰፈር የእህቴ ጎረቤት የሆነ ሱሬሽ የሚባል ህንድ ነው። እሱ ራሱ በልጅነቱ እዚያው ተፈትኖ ሳይገባ ቀርቷል። እኔ ደግሞ ዓይን ፈርቼ፣ ደረጃው ላይ ሲጠይቀኝ "ገና ነው" ብዬ ዋሸሁት። ፊቴን አይቶ ሳቀ።

ከዚያ እህቴ ሰብለወርቅ እያስተረጎመች አወራኝ። አንደኛ፣ እዚያም እንደኛ አገር ተማሪ መዳቢው መንግሥት ነው፤ ግማሹ ወንበር ለተገፉ ወገኖች ይያዛል። ሁለተኛ፣ እሱ በነጥብ በልጦ ቀረ፤ በነጥብ ከሱ ያነሰች ልጅ በዚያ በተያዘው ኮታ ገባች።

"ሦስት ዓመት ሙሉ መንግሥትን ስሰድብ ኖርኩ። በኋላ ሥራ ቦታ ልጅቷን አገኘኋት። አባቷ በትውልዱ የተነሳ ከመንደሩ ጉድጓድ ውሃ እንዳይቀዳ የተከለከለ ሰው ነበር።"

"ከዚያስ?" አልኩት።

"ከዚያማ አገባኋት!"

ሚስቱ ከውስጥ "ስድቡን ግን አልተወም!" አለች።

ሱሬሽ ገብቶ ጣፋጭ በካርቶን ይዞ ወጣና በገዛ እጁ አጎረሰኝ፤ ልክ እንደኛ። አፌ ሞልቶ፣ ዓይኔም ሞልቶ ቆምኩ።

ወረቀቱ ላይ ቦታ አለቀብኝ። ባለቤትህን ዕፀ ሕይወትን በጣም ሰላም በልልኝ፤ ልጆቹን ሳምልኝ። ቤቴልን ቤትህ ጠርተህ በእጅህ አጉርስልኝ። እኔ የሱሬሽን ጉርሻ እስካሁን አልመለስኩም።

ክፍሉ