የጣለ ይገፍፋል

እሑድ፣ ጥቅምት 7
ነገሩ የተበላሸው አጎቴ ቢላዋውን ከእጄ ነጥቆ ለወንድ ልጁ ሲሰጠው ነው።

ጠዋት አደን ወጥተን ለቀልድ ብሎ ጠመንጃውን አቀበለኝ። አንድ አጋዘን ጣልኩ። በአንድ ጥይት! የአዳኞቹ ደንብ ደግሞ የጣለ ይገፍፋል ነው። ጀመርኩ... ሆዱን ስከፍት ቢላዋው ጠለቀብኝና አንጀቱ ተቀደደ። ፈርሱ ሥጋው ላይ ፈሰሰ። ሳቁብኝ። አጎቴ ቢላዋውን እየነጠቀኝ፣

«ምሁሯ፣ መጽሐፍ መሰለሽ እንዴ የምትገልጪው?»

እሺ፣ ተሳሳትኩ። ግን እራት ላይ አጎቴ፣ አጋዘኑን ልጁ እንደጣለው ለዘመድ ሁሉ ሲያወራ? ልጁም አንገቱን ደፍቶ በላ። እናቴ ዝም በይ ብላ በዓይኗ ለመነችኝ። ዝም አልኩ። ለምን?

(አጎቴን ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ። እዚህ ግን አልለውም።)

ሰኞ፣ ጥቅምት 8
እጄ አሁንም ፈርስ ፈርስ ይሸታል። ይሽተት። የጣልኩት እኔ ነኝ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 20
ጥንቸሎች ገዝቼ ወጥ ቤት ገባሁ። እናቴ በሩ ላይ ቆማ፣ ሰው ዲግሪ ይዞ ጥንቸል ይገፍፋል ወይ አለች። ይገፍፋል አልኳት። የመጀመሪያውን አበላሸሁት። ከዚያ ገባኝ... ስለቱ ወደ ላይ ይዞራል፣ ሁለት ጣት ከስር ገብቶ አንጀቱን ወደ ታች ይጫናል፣ ቢላዋው በጣቶቹ መሃል ይሄዳል። ይሄን መንገር ያቅታል? ወይስ መሳሳቴን እየጠበቁ ነበር?

እናቴ፣ ጥንቸል አይበላም ብላ ስታበቃ፣ አጥንቱን እየመጠጠች ባል እንደማላገኝ ነገረችኝ።

እሑድ፣ ኅዳር 5
ሳይጠሩኝ መኪናው ላይ ወጣሁ። የአጎቴ ልጅ ሚዳቋ ተኩሶ እግሯን መታት። አመለጠች። አጎቴ ሊመሽ ነው፣ እንሂድ አለ። አቁስሎ መሄድ? ጠመንጃውን ከልጁ ወስጄ፣ ደሟን ተከትዬ ጫካ ገባሁ። ቁጥቋጦ ስር ተኝታለች፣ ትተነፍሳለች። ተኮስኩ።

ሲደርሱብኝ ሆዷን ከፍቼ ጨርሻለሁ። አንዲት ጠብታ ፈርስ የለም። አጎቴ ጠጋ ብሎ፣
«እጅሽ ለምዷል። ለዘመድ ግን እሱ ጣላት እንበል፤ ወንድ ልጅ አይፈር።»
«ጋሼ፣ እርስዎ እውነቱን ካልነገሯቸው እኔ እነግራቸዋለሁ። የአጋዘኑንም ጭምር።»

ሰኞ፣ ኅዳር 6
አልነገራቸውም። እኔ ነገርኳቸው። ትናንት ማታ፣ ሁሉም በተሰበሰበበት። አጋዘኑን እኔ ጣልኩት፤ ሚዳቋዋን ልጁ አቆሰላት፣ እኔ ጨረስኳት። አጎቴ ሁለተኛ መኪናዬ ላይ እንዳላይሽ አለ። አክስቴ ሳህን ማነሳሳት ጀመረች። ያኔ ልጁ «እውነቷን ነው» አለ። ቀስ ብሎ... ግን ተሰማ።

መኪናው ይቅር፣ እግር አለኝ። ስሳሳት ይሳቁብኝ፣ ግድ የለም። የእኔን ጥይት ግን ለማንም ወንድ እፍረት መሸፈኛ አላበድርም። በእኔ ፊት፣ ስሜ ተዘሎ የሚቆረስ ሥጋ ከእንግዲህ የለም።