በእንግሊዝኛ ብቻ የምንነጋገር ባልና ሚስት

ጥፋተኛዋ አንቺ ነሽ፣ ታናሽ እህቴ። ሌላ ማንም የለበትም። ይህን ከሁሉ አስቀድሜ የጻፍኩት በሰላምታው መሀል እንዳይጠፋብኝ ብዬ ነው።

አሁን ሰላምታዬን ተቀበይ። እንደምን ሰነበትሽ? ያ ወገብሽ ተሻለሽ ወይስ አሁንም ጎንበስ ስትዪ ይይዝሻል? ባለቤትሽስ፣ ሳሉ ለቀቀው? ትልቁ ልጅሽ ደህና ነው? ትንሿ የወለቀው ጥርሷ በቀለላት? አማትሽስ እንቅልፍ ይወስዳቸው ጀመር? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ጉልበቴ ግን ነገረኛ ሆኗል፤ ተነስ ስለው ይቀመጣል፣ ተቀመጥ ስለው ይንቋቋል።

ባለፈው ዓመት ልትጠይቂኝ መጥተሽ፣ ሆስፒታላችን ለሠራተኞች በከፈተው የእንግሊዝኛ ትምህርት ሳትነግሪኝ ስሜን አስመዝግበሽ ሄድሽ። ይሁን። የአንሶላ መጋዘኑ ቁልፍ ያዥ ጡረታ ልትወጣ ነው፤ እዚያ የሚመጣው ወረቀት ሁሉ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ቁልፉ ትምህርቱን ለጨረሰ ሰው ይሰጣል ተብሏል። ቁልፍ ያዥ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነው የምትውለው። እኔ ደግሞ እርጥብ አንሶላ ስጎትት ሃያ ዓመቴ ነው። ቁልፉን ፈልጌው ነበር፣ አልዋሽሽም። የሱን ስም ከኔ ጋር ማስመዝገብሽን ግን ምን ልበለው? የባሌን ስም! ስድስት ዓመት ሙሉ እንዳላናገርኩት እያወቅሽ!

የጎረቤታችን ልጅ የተመረቀች ቀን ያደረገኝን ረስተሽው ነው? የዝግጅቱን ወረቀት ገልብጬ ብይዘው፣ ያ ሁሉ ሰው በተሰበሰበበት፣ «ኧረ አዙሪያቸው፣ ፊደሎቹ በአናታቸው ቆመው ደም ወረደባቸው!» ብሎ አሳቀብኝ። ያን ቀን ነው የማልኩት፤ በዚያው ሰው ፊት ይቅርታ እስኪለኝ ድረስ ቃል አልተነፍስለትም ብዬ። በሃምሳ አንድ ዓመቴ ፊደል የቆጠርኩትም በዚያው እልህ ነው። እሱ ይቅርታ አላለ፣ እኔም አልተነፈስኩ። ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ በአንድ በር ተለያይተን ስንኖር መልእክት የምታደርሰው ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ነበረች። «ባልዲውን ይመልስ በዪልኝ» እላታለሁ። እሱ እዚያው አጠገባችን ቆሞ «እሺ ብሏል በያት» ይላታል። እሷም መርፌዋን እንደነከሰች «እሺ ብሏል» ትለኛለች።

ትምህርቱ ከሰዓት በኋላ በሠራተኞች ማረፊያ ክፍል ነበር። መምህርቷ ልጅ እግር ናት። ጥንድ ጥንድ አድርጋ ስታስቀምጠን «እማማና አባባ አንድ ላይ ነው የተመዘገባችሁት፣ አብራችሁ ሁኑ» አለችና አጠገቤ አመጣችው። ከሆስፒታሉ በር ጥበቃውን ጨርሶ መምጣቱ ነው፤ ቆቡን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ግድግዳ ግድግዳውን ያያል። አሠራሩ እንዲህ ነው፤ አንዱ በእንግሊዝኛ ያዛል፣ ሌላው ይፈጽማል። ቅርጫቱን ከኋላህ አድርግ፣ ወንበሩን ከፊቴ አቁም፣ እንዲህ እንዲህ እየተባለ።

ትንሽ አሰብኩ። የማልኩት በአማርኛ ነው። እንግሊዝኛ በመሐላዬ ውስጥ አልነበረም፤ ያኔ መች አውቀው ነበርና። አፌን ከፈትኩና «ባስኬት ቢሃይንድ ዩ» አልኩት። በስድስት ዓመት የመጀመሪያው ቃሌ መሆኑ ነው። ብድግ ብሎ ቅርጫቱን ከኋላው አደረገ። እህቴ፣ ይህ ሰው በሠላሳ አንድ ዓመት ትዳራችን የጠጣበትን ብርጭቆ እንኳ ከመሬት አንስቶ አያውቅም! ቀጠልኩና «ባስኬት ኦን ዩ» አልኩት፤ አናቱ ላይ ደፋው። የወጥ ቤቷ ሴትዮ ከኋላ ሆና «ኧረ እናትዬ፣ ነገ እኔም ባሌን ላምጣው፣ ስፈልገው የኖርኩት ቋንቋ ይኸው ነው!» ብላ ክፍሉን በሳቅ ሞላችው።

ትምህርቱ ራሱ ግራ የገባው ነው። እኛ «ከሱ ጋር» ስንል «ከ» ከፊት «ጋር» ከኋላ ሆነው ሰውዬውን እንደ እስረኛ አጅበው ይዘውት ይሄዳሉ። በእንግሊዝኛ አንዲት «ዊዝ» ብቻዋን ከፊት ትቆማለች፣ በቃ። ሰውዬው ለብቻው ሲሆን «ሂ» ነው፤ «ዊዝ» ወይም «ፎር» ከፊቱ ስትቆም ግን ደንግጦ «ሂም» ይሆናል። ከወንበር ፊት ብታቆሚያት ወንበር ያው ወንበር ነው፣ ዘበኛም ዘበኛ ነው። «ታዲያ ሰውዬው ብቻ ምን ነክቶት ነው የሚለዋወጠው?» ብዬ ብጠይቃት መምህርቷ «እማማ፣ ዝም ብለው ይያዙት» አለችኝ። «ዩ» የምትለዋ ግን ማንም ፊቷ ቢቆም ንቅንቅ አትልም። እሷን ወደድኳት።

ይህ ሁሉ እዚያው ክፍል ውስጥ ቢቀር ባልተቀየምኩሽ። ክረምቱ ሲገባ አንድ ጠዋት ጣሪያው አልጋዬ ላይ ማፍሰስ ጀመረ። እሱ በሩ ላይ ቆሞ ጉሮሮውን ጠራረገና «ዋተር ኦን ዩ?» አለ። «ኖ፣ ኦን ቤድ» አልኩት። ሄዶ ሳፋ አመጣ፣ አልጋውን ገፋ፣ ሳፋውን ከጠብታው ሥር አስቀመጠና «አንደር ኢት!» አለ፣ ፊቱ በርቶ። ቃሏን የተማርናት በዋዜማው ነበር።

ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት «ቲ ፎር ዩ» ይላል። ከሥራ ስንመለስ እኔም «ብሬድ ፎር አስ» እላለሁ። ልብስ ሰፊዋ ሥራ ፈታች። «ምነው፣ ታረቃችሁ እንዴ?» ብትለኝ «ምን መታረቅ አመጣው፣ እያጠናን ነው» አልኳት።

ደግሞ ለስልሳለች ብለሽ እንዳትደሰቺ። ልጣላው ሞክሬአለሁ። አንድ ቀን ሻዩን ገፋ አደረግሁና ያን የምረቃ ቀን ላነሳበት ተነሳሁ። አፌ ላይ የመጣልኝ ግን «ዩ… ፔፐር… ፒፕል ቢሃይንድ ሚ» ብቻ ነው። በዚህ ምን ዓይነት ጠብ ይነሳል? እሱ ግን ገባው። ብርጭቆውን አስቀመጠና «አይ ባድ። ባድ ፎር ዩ» አለ፤ እኔ መጥፎ፣ ለአንቺ መጥፎ ማለቱ ነው። መምህርቷ ብትሰማው ቀይ እስክሪብቶዋን ታነሳበት ነበር። እኔ አላረምኩትም።

ፈተናው የዛሬ ሁለት ሳምንት ነበር። ጥንዱ አንድ ላይ ያልፋል፣ አንድ ላይ ይወድቃል ተባለ። ግማሹ ሆስፒታል ሊያየን መጣ። ለእሱ የደረሰው ካርድ «ኩባያውን በእሷና በአንተ መካከል አድርግ» የሚል ነበር። «ቢትዊን» የምትለዋ ቃል ትርጉሟ ጠፋበት። ላብ አጠመቀው። ሰዉ ሳቁን ማፈን ጀመረ። ብድሬን የምመልስባት ቃል ከንፈሬ ላይ ደርሳ ነበር፤ እሷም በአማርኛ ነበረች። ዋጥኳት። በመካከላችን ያለውን ወለል በአገጬ ጠቆም አደረግሁለት። አዝኜለት እንዳይመስልሽ፤ እሱ ከወደቀ እኔም መውደቄ ነው። ኩባያውን አስቀመጠ፣ አለፍን። የወጥ ቤቷ ሴትዮ «በአገጭ ተኮረጀ! አይቻለሁ!» እያለች ጮኸች፤ የሰማት የለም።

በማግስቱ ኃላፊዬ ጠርቶ እንኳን ደስ አለዎት አለኝ፤ ቁልፉ ግን ሁለተኛውን ክፍል ለሚጨርስ ሰው ነው አለ። መምህርቷም የሁለተኛውን ክፍል መጽሐፍ አሳየችኝ። እዚያ ሰው የደረሰበትን ከመነሻው እስከ መድረሻው ይተርካል፣ ያደረገውን ለምን እንዳደረገ ያስረዳል፣ የሌላውን ንግግር ይቃወማል። «ቢኮዝ» የምትባል ቃል በየገጹ አለች፤ ምክንያቱም ማለት ናት። ያን ሰው ታውቂው የለ? «ምክንያቱም» የምትለዋን ቃል ካገኘ አለቀልን። «ባድ ፎር ዩ» ያለኝ የሚደረድረው ምክንያት ስላጣ ነው። እኔም ብሆን ቃል ከሞላልኝ አልምረውም፤ የስድስት ዓመት አለኝ።

ትናንት የመመዝገቢያውን ወረቀት ይዞ በሩ ላይ ቆመና «ክላስ ቱ? ዊዝ ሚ?» አለኝ። «ኖ» አልኩት። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና ሻይ ሊጥድ ሄደ። ቁልፉን ሌላ ሰው ይያዘው። ጉልበቴ ይቅር ይበለኝ።

ባለቤትሽን ሳሉን ችላ እንዳይል ንገሪልኝ፣ ሰላም በዪልኝ። አማትሽን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ። ትልቁን ልጅ አክስትህ አሁን ደብዳቤዋን ራሷ ነው የምትጽፈው በዪው፤ ትንሿን ጉንጯን ግጥም አድርገሽ ሳሚልኝ። ለእሱ ሰላምታ ካለሽ በራሱ ስም ላኪለት፤ በእኔ በኩል በአማርኛ የሚደርሰው ነገር የለም። አንቺም ስሜን ይዘሽ የትም መዝገብ ቤት እንዳትገቢ። እኔ ከእንግዲህ አንዲት አዲስ የእንግሊዝኛ ቃል አልማርም።

ታላቅ እህትሽ
ከልብስ ማጠቢያው ክፍል፣ በምሳ ሰዓት
ጥቅምት 9 ቀን