ማውስህ ብቻውን ይሄዳል

ባለራኬቱ ደባሌ፣

ላፕቶፕህን ሳላስፈቅድህ ከፍቻለሁ። «ቀርፋፋ ሆነብኝ» ስላልክ ላስተካክልልህ ብዬ ነው። ባለፈው ሳምንት «የአክሲዮን ገጼን ማን ነካው?» ብለህ ያየኸኝን አስተያየት ግን አልረሳሁም።

ዛሬ ዐሥር ሰዓት ተኩል ላይ፣ አንተ ፓድል የሚሉት የራኬት ጨዋታ ልምምድ ላይ ሆነህ፣ እኔ እጄን አጣጥፌ ተቀምጬ፣ ማውሱ ብቻውን ሄደ። ገጽህን ከፍቶ «ሽጥ» የሚለው ላይ ሲደርስ የዋይፋዩን ገመድ ነቀልኩት።

ገመዱ ኪሴ ውስጥ ነው፤ አትፈልገው።

ላፕቶፑን ከሩቅ የሚያዝ ፕሮግራም ተጭኖበታል። «አሰልጣኙ ነው የጫነልኝ» ስትል የኢንቨስትመንት አሰልጣኝ መስሎኝ ነበር። ለካ የፓድሉ ኖሯል፤ ስሙ ፕሮግራሙ ላይ ተጽፏል። ሁለት ሐብሐብ በአንድ እጅ የሚይዝ አሰልጣኝ አይቼ አላውቅም።

«መቶ ጊዜ ከግድግዳው ጋር ተጫወት ይለኝና ስልኩን ይዞ ይቀመጣል» ብለህ ስቀህ ነበር። አንተ ግድግዳ ስትመታ እሱ ምን ይመታል?

ለማታ ፈረቃዬ ረፍዶብኛል።

ላፕቶፑን አትክፈት። ለሰውየውም ምንም አትበለው። አሁኑኑ በስልክህ ዳታ ገብተህ የአክሲዮን ገጽህን የይለፍ ቃል ቀይር።

ደግሞ የእህትህን ስም እንዳታደርገው። የድሮውን እኔም አውቀው ነበር።