የጥርባ ባዶ ሣጥኖች

ጥቅምት 11

ከባድ የሐዘን ዜና! ደብተሬ ሆይ፣ ቆመሽ ስሚ። ታላቁ የዘንገና ሐይቅ ከትናንት ወዲህ አንድ ሳንቲ ጎድሏል። መግለጫው የደረሰን ከእንቁ ነው፤ ከአሥረኛ ክፍል ተሰናባቿ...

ሥራዬ ይኸው ነው። ጠዋት ጠዋት ወርዶ ውሃው ዳር የተተከለውን መለኪያ ማንበብ፤ ከዚያ ኔትወርክ ወዳለበት ዳገት ወጥቶ ቁጥሩን በስልክ ፋይሉ ላይ መጻፍ። ፋይሉ የጋራ ነው። እንጅባራ አለቃዬ እትዬ ሶስና ትከፍተዋለች፣ ባሕር ዳር ዶክተር መሳፍንት ይከፍቱታል። እኔ የጻፍሁትን የተማረ ሰው ያጠናዋል! ማን ያምናል?

የጥርባን ሐይቅ የሚለኩት አያ ይኸነው ናቸው። ፋይል አያውቁም። በደብተራቸው ይጽፉና ይደውሉልኛል፤ እኔ አስገባላቸዋለሁ።

«አንች እንቁ፣ መቶ አርባ ሁለት።»

«መቶ ሃምሳ ሁለት አሉኝ?»

«ጆሮሽ ውሃ ገብቶታል? አርባ!»

በየቀኑ ይናደዳሉ። በየቀኑ ይደውላሉ።

ጥቅምት 12

ሚካኤል። አያ ይኸነው አልደወሉም። በ12፣ በ21፣ በ29 ሥራ አይነኩም። ፋይሉ ላይ የቀኑ ሣጥን ባዶ። ሦስት ወር ወደ ኋላ ሄጄ ባይ የሐምሌም፣ የነሐሴም፣ የመስከረምም እንዲሁ... ዘጠኝ ባዶ፣ ከዛሬው ጋር አሥር። እንደ ወለቀ ጥርስ።

ሞላሁት። ከዋዜማው ላይ አምስት አምስት ሳንቲ እየጨመርሁ። በዓል ነዋ፤ ሐይቁስ ትንሽ ቀና አይልም? ብቻዬን ስስቅ ዋልሁ።

ጥቅምት 21

ማርያም። አንድ ሣጥን ጨምሬ ሞላሁ። አሥራ አንድ።

ጥቅምት 24

እትዬ ሶስና ደወለች። ድምፅዋ እንደ ወትሮው አይደለም።

«እንቁ፣ ጥርባ ከሐምሌ ወዲህ በየወሩ በ12፣ በ21፣ በ29 ከፍ ይልና በማግሥቱ ይወርዳል። ሐይቅ እንዲህ ያደርጋል?»

ሳቄ መጣ። ከዚያ...

«ዶክተር መሳፍንት ሰውዬው ቁጥር ይፈጥራሉ ብለዋል። የሁለት ዓመቱ የጥርባ መረጃ ይሰረዝ፣ ሌላ ለኪ ይፈለግ እያሉ ነው። አንቺ ምን ትያለሽ?»

ምን አልሁ? «እኔ የነገሩኝን ነው የምጽፍ» አልሁ። ይህን አልሁ። እኔ።

ጥቅምት 25

አያ ይኸነው ደወሉ። መቶ ሠላሳ ስምንት። አልቀለድሁም።

«አሞሻል እንዴ?» አሉኝ።

ጥቅምት 28

እንጅባራ፣ እትዬ ሶስና ቢሮ። ዶክተር መሳፍንት ከባሕር ዳር መጥተዋል። አያ ይኸነው ነጭ ጋቢ ለብሰው፣ ደብተራቸውን በፌስታል ጠቅልለው ደረሱ። ለምን እንደተጠሩ አያውቁም። ለምስጋና መስሏቸዋል መሰለኝ...

ዶክተሩ በአክብሮት ነው የጠየቋቸው። «አባቴ፣ ሳያዩ የሚነግሩን ቁጥር አለ?»

አያ ይኸነው ወደ እኔ ዞሩ። «እንቁ አለች። የምነግረው ለሷ ነው። ምስክሬ እሷ ናት። ንገሪያቸው እንጅ፣ ልጄ!»

ልጄ...

ወለሉን አየሁ። «እኔ ነኝ» አልሁ። «የበዓሉን ቀን ሁሉ የሞላሁት እኔ ነኝ። ለጨዋታ ብዬ።»

ደብተሩ ተከፈተ። በየበዓሉ መስመር ላይ በእርሳስ፦ «በዓል። አልወረድሁም።»

አልተሳደቡም። ቢሳደቡ ይሻለኝ ነበር። ደብተሩን መልሰው እየጠቀለሉ፣ «እኔ ሚካኤልን ያከበርሁ መስሎኝ! አንች ለካ በስሜ ሥራ ስታሠሪኝ ከርመሻል» አሉ።

እስከ መናኸሪያ ከኋላ ከኋላቸው ሄድሁ። አልዞሩም። ሚኒባሱ ሲነሣም አላዩኝም... ወይስ አይተው ነው?

ኅዳር 1

ፋይሉ የድሮውን ሁሉ ይይዛል ለካ። እትዬ ሶስና አሳየችኝ። ማን፣ መቼ፣ የትኛውን ሣጥን... ስሜ አሥራ አንድ ጊዜ። ሁሉንም አጥፍታ ባዶውን መለሰች፤ የቀረበላት ሻይ እንኳ አልቀዘቀዘም።

የጥርባ መረጃ አይሰረዝም። አያ ይኸነውም ይቀጥላሉ። እኔም እቀጥላለሁ፤ ለምን እንዳላባረሩኝ አላውቅም። አዲስ ዓምድ ተጨምሯል፦ «ያልተለካበት ምክንያት»።

«ባዶም መረጃ ነው» አለችኝ። «ሁለተኛ እንዳትነኪብን።»

 «እሺ» ብቻ።

ኅዳር 12

ሚካኤል። ምክንያቱን ልጽፍ ስል ስልኬ ጮኸ። አያ ይኸነው! በበዓል ደውለው አያውቁም።

«ዛሬ በዓል ነው። አልወረድሁም። ጻፊው።»

«እሺ፣ አያ። ጻፍሁ።»

«አንብቢልኝ።»

አነበብሁላቸው። ዘጉት።

እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ በበዓልም ሊደውሉ ነው... ምንም እንዳልለኩ ሊነግሩኝ። ያለ ሥራ የሚውሉበትን ቀን እንኳ ለኔ አምነው መስጠት አቅቷቸው።

እውነቱን ለመናገር ነገሩ ትልቅ አልነበረም። አሥራ አንድ ሣጥን፤ አምስት አምስት ሳንቲ። ማንም አልሞተ። ሐይቁም አልሰማ። ትንሽ፣ በጣም ትንሽ ነገር። ይህችን ለምታህል ነገር ነው ሽማግሌ በሰው ፊት ያስጠየቅሁት።