ሲናፕቶፊዚን ለእትዬ ጥሩወርቅ

ሰኞ፣ ጥር 18። ጠዋት
ሁለተኛው ረቂቅም ተቀደደ። ቀዳጇ የእህቴ ልጅ ቤቲ። ሐሙስ ሳምንት የዶክትሬት ጥናቷን አዳራሽ ውስጥ ታቀርባለች። እናቷ እንዲገባት አንድ ገጽ በአማርኛ ጻፉልኝ ብላለች። ዕድሜዬን ጋዜጣ ቤት የጨረስኩ ሰው፣ አንድ ገጽ ምን ያቅተኛል አልኩ። አቃተኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው፣ ደብተሬ። የአንጎል ሕዋስ ለጎረቤቱ መልእክት የሚልከው በጥቃቅን ከረጢቶች ነው። ከረጢቱ እስከ ሕዋሱ ጠርዝ ይሄዳል። ከጠርዙ ሽፋን ጋር ይዋሃዳል። መልእክቱ ወደ ውጭ ይፈስሳል። እኔ ከረጢቱን «ፌስታል» ብዬ ጻፍኩት። ቤቲ በሳቅ ሞተች።
«ጋሼ፣ ከጫት ተራ አመጡት እንዴ?»
ፌስታል ይጣላል፤ የእሷ ከረጢት ግን ከጠርዙ ተመልሶ እንደገና ይሞላል። ጥናቷ በሙሉ ስለዚያ መመለስ ነው። ልክ ናት። እርማት ተቀብያለሁ።

ረቡዕ፣ ጥር 20። ከሰዓት
ፈላና በር፣ እትዬ ጥሩወርቅ ቤት። የቤቲ እናት፤ የእኔ ታላቅ፤ የሰፈሩ እድር ዕቃ ቤት ኃላፊ። ቁርጡን ነገረችኝ። አትመጣም። ባለፈው ቤቲ ስትናገር ያለቦታው አጨብጭባ አዳራሹ በሙሉ ዞሮ አይቷታል።
«በስተርጅና ልጄን አላዋርድም። ከፈለጋችሁ እዚሁ ቤቴ ሆኜ አጨበጭባለሁ!»
ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም።

ለቤቲ ነገርኳት። ምንም አይደል አለች። ከዚያ ሻዩን ሳትጠጣው አቀዘቀዘችው። ከፍቷታል። እናቷ የሌለችበት ዶክተርነት ምኑ ነው?

እሑድ፣ ጥር 24። አመሻሽ
ደስታዬን የት ላድርሰው!
ትናንት ኤረር በር አካባቢ ሰርግ ነበር፤ የእድሩ ድስቶች ሄደው ነበር። ዛሬ ሲመለሱ ለመረከብ ሦስታችንም እትዬ ግቢ ነን። እትዬ ድስት ስትልክ ክዳኑን ከጆሮው ጋር በሲባጎ ታስራለች። የእድሩ ሴቶች ይስቁባታል። የሙሽራው እህት ታዲያ ሲባጎ ለሰርግ አያምርም ብላ የትልቁን ድስት በጥሳዋለች። ድስቱ መጣ፤ ክዳኑ ሰርግ ቤት ቀረ። እትዬ ጮኸች።
«ነገ ለቅሶ ቢደርስ በምን ልከድነው ነው? በነጠላዬ?»
ቤቲ ትሪ እንደተሸከመች ከእሷ በላይ ጮኸች። «እማዬ! ሥራዬ እኮ ይኼ ነው!»

እዚያው ቆማ አስረዳቻት። ከረጢቱ ሽፋን ላይ ፕሮቲኖች አሉ። አንዱ ከረጢቱን ከጠርዙ ጋር ያዋህዳል። ሲናፕቶፊዚን የሚባለው ደግሞ እንደ እትዬ ሲባጎ ያንን ጓደኛውን ይዞ ይመለሳል። ሲናፕቶፊዚን ከሌለ ጓደኛው ጠርዙ ላይ ይቀራል፤ የሚቀጥለው መልእክት ይስተጓጎላል። እትዬ ከድስቱ ጆሮ የተንጠለጠለውን ሲባጎ ሳብ አደረገችው። ከዚያ ጠየቀች። ሲባጎው ባይበጠስም ቢላላስ? ቤቲ ትሪውን ጥላ አቀፈቻት። ላለፉት ወራት የለካችው እሱኑ ነው፤ ሲናፕቶፊዚን ጓደኛውን ላላ አድርጎ ሲይዝ ምን እንደሚሆን።

ማክሰኞ፣ ጥር 26። ምሳ ሰዓት
ገጹን ጨርሼ ለእትዬ ወሰድኩላት። አልፈለገችውም። ገብቶኛል፣ ለጎረቤት ስጠው አለች። በአርባ ዓመት ሥራዬ እንዲህ የጣፈጠ እንቢታ አልገጠመኝም። ስሙን ትለማመዳለች፤ ሲናፕቶፊዚን፣ ልክ እንደ አዲስ ሙሽራ ስም።

ሐሙስ፣ ጥር 28። ጠዋት
እትዬ ትሄዳለች። ብቻዋን አይደለም፤ የእድሩን ሴቶች አስከትላ። ደጃፉ በባጃጅ ተዘግቷል። ቀሚሷ አዲስ ነው፤ የፊት ወንበር ካልሆነ አልቀመጥም ብላለች። ቤቲ ፈታኞቹ ሳይጨርሱ እንዳትጠይቂ ብላ ለመነቻት። ቃል አልገባችም። ሁለት ጥያቄ ይዣለሁ አለች፤ ሁለተኛውን ለእኔም አልነገረችኝም። ባጃጆቹ ጥሩምባ እየነፉ ነው። እየጠራችኝ ነው፣ መጣሁ እያልኩ ነው፣ ጫማዬን ግን የት—