ከጥናቱ ላወጣሁት ለኮልቢ

ውድ ኮልቢ፣

ባለፈው ቅዳሜ ቪክቶሪያ ከተማ፣ መኖ መሸጫው በር ላይ አራት ጆንያ ጫንክልኝ። ጢም ስላሳደግክ መጀመሪያ አላወቅኩህም። አንተ ግን ወዲያው አወቅከኝ።

"ዶክተር ጆሊን! አሁንም ልጆቹን ጌም ያጫውቷቸዋል?" ብለህ ሳቅክ። ቀጥለህም፣ "እኔ እንኳ ለበረራ አልተፈጠርኩም። ጭንቅላቴ እምቢ አለ፣ ምን ይደረግ?" አልከኝ።

መኪናዬን አስነስቼ ሄድኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ ይህን አምነህ መኖርህን አላውቅም ነበር። ቤት ከደረስኩ በኋላም ጆንያዎቹን ለማውረድ አቅም አጣሁ። ደክሞኛል ኮልቢ፤ እውነቱን ደብቄህ መኖሬ ነው ያደከመኝ።

ባሕር ኃይሉ የቀጠረኝ፣ ማንም ከሱቅ ገዝቶ ቤቱ የሚጫወተው የበረራ ጌም ለዕጩ አብራሪዎች ይጠቅም እንደሆነ እንዳጠና ነበር። ሃያ አራታችሁን ለሁለት ከፈልኩና ለአሥራ ሁለታችሁ ኮምፒውተር፣ መሪና ፔዳል መኝታ ክፍላችሁ ድረስ አስገባሁ። አንተ ከዘጠኝ ዓመትህ ጀምሮ ስትጫወተው ያደግክ ነህና ማንም አልደረሰብህም። ጓደኞችህ "ካፒቴን ሶፋ" እያሉ ያበሽቁህ ነበር።

አየር ላይ ግን ዓይንህ ፊት ለፊትህ ካሉት የበረራ ጠቋሚዎች አልነቀል አለ። ጌሙ ያስለመደህ ፊት ለፊትህ ያለውን ስክሪን ብቻ ማየት ነው። በስድስተኛው በረራህ ሌላ የማሠልጠኛ አውሮፕላን ከግራ ሲመጣ አላየኸውም። አሠልጣኝህ ሻምበል ራድኪ መሪውን ነጥቆህ ወደ ታች ባይጠልቅ ኖሮ፣ ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ለእናትህ ነበር።

"አንተ ልጅ፣ አንገትህ ዝጓል እንዴ?" ብሎ ሰው ፊት ጮኸብህ።

በማግስቱ ቆብህን በእጅህ ይዘህ ቢሮዬ መጣህ። "ዶክተር፣ ያበላሸኝ ጌሙ ነው መሰለኝ። ለሁለት ሳምንት ልተወውና ልሞክር" አልከኝ።

"አይሆንም" አልኩህ። "አንተ ካቋረጥክ ጥናቱ ይበላሻል። እንዲያውም በቀን አንድ ሰዓት ጨምር።"

ጨመርክ። በሦስተኛው ሳምንት ከሥልጠናው አሰናበቱህ።

አለቃዬ ዱዌይን ውጤቱን አይቶ፣ "ይሄ ልጅ የቡድኑን አማካይ ውጤት ይዞት ወረደ። 'በግል ምክንያት አቋረጠ' በይና አውጪው" አለኝ።

"ተባሮ እኮ ነው።"

"ጆሊን፣ ለአንድ ልጅ ብለሽ የሦስት ዓመት ሥራ ልታፈርሺ ነው?"

ጻፍኩት። አሥራ አንዱ ቀሩ፤ ውጤቱ አማረ፤ ተጨበጨበልን። ዘንድሮ ጌሙ ሁለት ሌሎች ማሠልጠኛዎች ሊገባ ነው።

ጌሙ ከንቱ ነው አልልህም። ብዙዎቹ የሬዲዮ ንግግሩንና የአሠራሩን ቅደም ተከተል ቶሎ የያዙት በእሱ ነው። እንዳንተ ለዓመታት የለመደውን ሰው ግን ሊጎዳ ይችላል። ይህን ቀድመህ የነገርከኝ አንተ ነህ፤ ሥራዬ አንተን መስማት ነበር፣ አልሰማሁህም።

ሰኞ ዕለት ጥናቶችን ለሚቆጣጠረው ቦርድ እውነቱን ጻፍኩ። ዱዌይን ከዚያ ወዲህ ኮሪደር ላይ ሲያየኝ ፊቱን ያዞራል። ራድኪ ጋም ደወልኩ፤ ጡረታ ወጥቶ ዓሣ ያጠምዳል። "እጁ ግሩም ነበር" አለኝ ስለ አንተ። "ከዚያ ጌም አርቃችሁት ሁለት ሳምንት ብትሰጡኝ ኖሮ ዛሬ ይበር ነበር።" ይህንኑ ጽፎ ፈርሞልኛል፤ ከደብዳቤው ጋር ታገኘዋለህ። ይዘኸው እንደገና ልታመለክት ትችላለህ። ይቀበሉህ እንደሆነ ግን አላውቅም፣ አላታልልህም። ከእንግዲህ መብረር ካልፈለግክም እረዳሃለሁ።

ቦርዱ ሐሙስ ጠዋት በሦስት ሰዓት እዚያው ማሠልጠኛው ውስጥ ይጠራኛል። ከዚያ ወዲያ ሥራ የሚኖረኝ አይመስለኝም። እዚህ የጻፍኩልህን አንድም ሳልቀንስ እዚያ እናገራለሁ። መጥተህ ብትሰማ ደስ ይለኛል። ካልመጣህም፣ የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ወዳለህበት መጥቼ የሆነውን እነግርሃለሁ።

የበደልኩህ፣
ጆሊን ሃቨርካምፕ